ስለ ሞተር ጥቀርሻና ስለ ሚኒሞ መዛባት

የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሞተር እንዲጽፉ ማን ፈቀደላቸው የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። የኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ስሕተት ቢያገኙብን በሚቀጥለው እትም ያርሙን። እኛን ወደዚህ ነገር ያስገባን ግን የማወቅ ጉጉት ብቻ አይደለም። ከሦስታችን አንዱ እስከ ዛሬ የተማረው አጎቱ በሚነዷት አሮጌ ላዳ ታክሲ ገቢ ነው። ባለፈው ክረምት ያች ላዳ ታመመች። መብራት ላይ ስትቆም ትንቀጠቀጣለች፤ ትንፋሽ ያጠራት ይመስል ትጠፋለች፤ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ቤንዚኑም ከወትሮው ቀድሞ ያልቃል። ጋራዥ ስትወሰድ የተሰጠው ፍርድ «ሞተሩ ካርቦን ይዟል፤ ቴስታታው ይከፈት» የሚል ነበር። የተጠየቀው ዋጋ የሁለት ወር ገቢ የሚበላ ስለ ሆነ፣ ጓደኛችን ትምህርቱን ለአንድ ዓመት ለማቋረጥ እስከ ማሰብ ደርሶ ነበር።

«ካርቦን ይዟል» መባሉ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ጥቀርሻው ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ድስት ሲጠቁር ፈግፍጎ በዚያው በሚጨስ እርጥብ እንጨት ላይ መልሶ መጣድ ምን ይጠቅማል?

ቤንዚን በደንብ እንዲነድ በክብደት ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ሲያንስ ወይም ቤንዚኑ ሲበዛ ቃጠሎው አይሟላም፤ ያልነደደውም ጥላሸት ሆኖ በካንዴላው፣ በፒስተኑ ራስና በቫልቩ ላይ ይለጠፋል። ሁለተኛው የጥቀርሻ ምንጭ ደግሞ ወደ ማቃጠያው ክፍል ሾልኮ የሚገባው የሞተር ዘይት ነው። ጥቀርሻው ሲወፍር ሙቀት ይይዛል፤ እንደ ፍም እየጋለም ቤንዚኑን ያለ ጊዜው ያቀጣጥለዋል። ቁልፉ ከተዘጋ በኋላ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ እየተንገዳገደ የሚዞረው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

የቋንቋ ተማሪዎች ስለ ሆንን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ ሚኒሞ ደግሞ ትንሹ፣ ዝቅተኛው ማለት ነው። ሞተሩ እግር ከቤንዚን መስጫው ላይ ሲነሣ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ በላዳ በደቂቃ ከ800 እስከ 900 የሚደርሰው፣ ሚኒሞ መባሉ ስለዚህ ነው። በሚኒሞ ጊዜ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየርና ቤንዚን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ትንሽ ጉድለት ሁሉ ይጋለጣል። በፍጥነት ሲነዳ የማይታወቅ በሽታ መብራት ላይ የሚታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በሰፈራችን ያሉ አንድ ጡረተኛ መካኒክ ዘንድ ሄደን «ጋሼ፣ ቴስታታው ይከፈት ወይ?» ብንላቸው፣ «መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ነቅላችሁ አሳዩኝ እንጂ» አሉን። አራቱንም በቅደም ተከተላቸው ጋዜጣ ላይ ደረደርናቸው። ጤነኛ ካንዴላ ጫፉ ወተት እንደ በዛበት ቡና ወይም ግራጫ ነው። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ቤንዚን አንሶታል ወይም ከልክ በላይ ግሏል። እንደ ከፋይ ያለ ደረቅ ጥቁር ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል። ጥቁሩ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን ዘይት ነው። የእኛዎቹ ሦስቱ ደረቅ ጥቁር ነበሩ፤ አራተኛው ዘይት ነክቶታል።

ሦስቱ ደረቅ ጥቁር በመሆናቸው ችግሩ ከአየሩ ወይም ከቤንዚኑ እንደ ሆነ ተረዳን። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኗል። ከሥሩም ጠዋት ለማስነሣት የሚሳበው ቾክ ገመዱ ዝጎ ስለ ያዘው፣ መያዣው ተመልሶ እንኳ ክዳኑ እስከ ግማሽ ተዘግቶ ቀርቶ ነበር። ስንት ወር እንዲህ እንደ ነዷት አጎታችንም አያውቁትም። በዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ አለ። በ2,400 ሜትር ገደማ የሚገኘው አየር ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ካርቡራተር ደግሞ ይህን አያውቅም፤ ለቆላ ተስተካክሎ ከሆነ እዚህ ሲደርስ ቤንዚን ያበዛል።

ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ። ገመዱን አላላን፣ ማጣሪያውን ለወጥን፣ ካንዴላዎቹን ጠርገን ክፍተታቸውን 0.6 ሚሊ ሜትር አደረግን። የሚኒሞ ብሎኖች የተነኩት በመጨረሻ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ከዚህ ይጀምራል፤ ዙሩን ከፍ አድርጎም ሕመሙን ይሸፍናል። ይህን የሚሞክር ተማሪ ቢኖር ደጅ ላይ ያድርገው፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ቤትም ይገድላል። በካርቡራተር ውሃ እያፈሰሱ ካርቦን እናጥባለን የሚሉትን ግን አትስሟቸው፤ ውሃ አይጨመቅምና ሲበዛ የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል።

አዲስ መኪና ያላቸው ዘመዶች ይህ አይመለከተንም እንዳይሉ ጥቂት እንጨምር። በብዙዎቹ ዘመናዊ ሞተሮች ካርቡራተር የለም፤ ኮምፒዩተሩ የአየሩን መጠን እየለካ ቤንዚኑን ይመጥናል። ነገር ግን ሚትሱቢሺ በ1996 እ.ኤ.አ. ካወጣው ሞተር ወዲህ እየተስፋፋ በመጣው ዐይነት፣ ቤንዚኑ የሚረጨው በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ነው። ድሮ በመግቢያው ቫልቭ ላይ እየተረጨ ያጥበው ነበር፤ አሁን የሚያጥበው ስለሌለ የዘይቱ ጭጋግ እዚያው ይደርቃል። ከቤንዚን ጋር የሚደባለቅ ማጽጃ ገዝቶ ታንከር ውስጥ መጨመርም ለዚህ ቫልቭ አይረዳም፤ መንገዱ በዚያ አያልፍምና። ቶዮታ በአንዳንድ ሞተሮቹ ሁለቱንም ዐይነት መርጫ አብሮ ያደረገበት አንዱ ጥቅም ይኸው ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ ቀድመው የገቡት ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ።

ላዳዋ 500 ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ካንዴላዎቹን እንደ ገና ነቀልን። ሦስቱ የቡና መልክ ይዘዋል። አራተኛው አሁንም በዘይት እንደ ራሰ ነው። ጋሼ በካንዴላው ቀዳዳ ግፊቱን ለክተው ደኅና ስላገኙት፣ ፒስተኑን ትተው ዘይት የሚከለክለውን የቫልቭ ጎማ ጠርጥረዋል። ጎማው ርካሽ ነው፤ ለመለወጥ የሚያስፈልገውን መሣሪያ ከሰው ለመዋስ እየጠበቅን ነው። ጓደኛችን በዚህ ሴሚስተር ተመዝግቧል።