የጥናት ጽሑፍ ለምሕንድስና መጽሔት እንዴት ይዘጋጃል? እንዴትስ ይላካል?

ባለፈው ወር እኔና ሁለት ጓደኞቼ አሥራ አንድ ገጽ የጥናት ጽሑፍ አዘጋጅተን ለፊዚክስ መምህራችን አቅርበን ነበር። በማግሥቱ ተመለሰልን። ከመጀመሪያው ገጽ አልፎ አልተነበበም። በቀይ እስክሪፕቶ የሰፈረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «አንድ ሸክም ስንት ኪሎ ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥናታችን እንጀራ በሦስት ጉልቻ ሲጋገርና ዙሪያው በተሸፈነ ምድጃ ሲጋገር የሚፈጀውን እንጨት ለማወዳደር ነበር። የለካነው በአክስቴ ማድ ቤት ነው። አክስቴ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው እየተሸከሙ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲያወርዱ ብዙ ዓመት የኖሩ ናቸው። ስለዚህ «ስንት ፈጀ?» ስንላቸው «ግማሽ ሸክም»፣ «የሸክም ሲሶ» ይሉናል፤ እኛም እንዳለ እንጽፋለን። ለአክስቴ ሸክም ማለት ግልጽ ነው፤ ወገባቸው ያውቀዋል። ለአንባቢ ግን ምንም አይነግረውም። የአንዷ ሸክም ከሌላዋ ይለያያል፤ የእርጥብና የደረቅ እንጨትም እንደዚሁ።

መምህራችን ጽሑፉን ሲመልሱልን፣ «የምሕንድስና መጽሔቶች ለጸሐፊዎች የሚያወጡትን መመሪያ አንብባችሁ እንደ ገና ጻፉት» አሉን። እኛም ያነበብነውንና የተማርነውን ለሌሎች እጩ መምህራን እንዲጠቅም ከዚህ በታች አቅርበነዋል።

«እኛ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ልንሆን ነው፤ የምሕንድስና መጽሔት ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር። ነገር ግን ነገ የምንመደብበት አካባቢ የራሱ ምድጃ፣ የራሱ የውሃ ማቆሪያ፣ የራሱ የግድግዳ አሠራር አለው። ይህን ለክቶ የሚጽፍ ሰው ካልተገኘ ዕውቀቱ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የምሕንድስና መጽሔት ባንልክም እንኳ በዚህ ሥርዓት መጻፍ የቻለ መምህር ተማሪዎቹን ለክቶ ማስረዳትን ያስተምራል።

1ኛ. መጽሔቱ ምንድን ነው?

የጥናት መጽሔት ሥራ የጀመረው በ1665 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት በፓሪስ አንድ፣ በለንደን ደግሞ ሌላ መጽሔት ወጣ። የለንደኑን ያዘጋጅ የነበረው ሄንሪ ኦልደንበርግ ሲሆን መጽሔቱ እስከ ዛሬ ይታተማል። ዋናው ሐሳብ ቀላል ነው። አንድ ሰው ያገኘውን ነገር በመቼ ቀን እንዳቀረበ ይመዘገባል፤ ሙያውን የሚያውቁ ሌሎች ሰዎች ይመረምሩታል፤ ከዚያ ለሁሉም ይታተማል።

በአገራችን የምሕንድስና ከፍተኛ ትምህርት በ1945 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ የተጀመረበት ኮሌጅ ኋላ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሏል። «ዘዴ» የተባለው የምሕንድስናና የሥነ ሕንፃ መጽሔት የሚወጣው ከዚሁ ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ክፍል «ሲኔት»፣ ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ «ሞሞና» የተባሉ የሳይንስ መጽሔቶች አሉ። የእነዚህ መጽሔቶች ጽሑፎች የሚቀርቡት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋውን አብሮ ማጥናት ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ሥርዓቱን በአማርኛ መማርና በአማርኛ መለማመድ ይቻላል።

2ኛ. ከመጻፍ በፊት

ብዙ ሰው መጀመሪያ ይጽፍና ኋላ መጽሔት ይፈልጋል። ይህ ሥራን እጥፍ ያደርጋል። አስቀድሞ አንድ መጽሔት መርጦ «የጸሐፊዎች መመሪያ» የሚለውን ገጽ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ይገባል። ከመመሪያው የሚፈለጉት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ሀ) መጽሔቱ ምን ዓይነት ጥናት ይቀበላል? ስለ ድልድይ ለሚያትም መጽሔት ስለ ምድጃ መላክ ጊዜ ማባከን ነው።
ለ) ጽሑፉ ስንት ገጽ ወይም ስንት ቃል እንዲሆን ይፈቀዳል?
ሐ) የፊደሉ ዓይነትና መጠን፣ የመስመሩ ርቀት፣ የገጹ ኅዳግ እንዴት ነው? ብዙ መጽሔቶች ባዶ ቅጽ አዘጋጅተው ይሰጣሉ፤ ጽሑፉን በእሱ ላይ ማስፈር ይበቃል።
መ) የሌላ ሰው ሥራ ሲጠቀስ በቁጥር ነው ወይስ በስምና በዓመት? በምሕንድስና በቅንፍ ውስጥ ቁጥር መስጠት የተለመደ ነው። ሁለቱን መቀላቀል ግን አይፈቀድም።
ሠ) ክፍያ አለው ወይስ የለውም?

3ኛ. የጽሑፉ አካላት

ርእስ፦ አጭርና የተለካውን ነገር የሚናገር ይሁን። የእኛ የመጀመሪያ ርእስ «የማገዶ ችግርና መፍትሔው» የሚል ነበር። ይህ የመጽሐፍ ርእስ እንጂ የአሥራ አንድ ገጽ ርእስ አይደለም። አሁን «በሦስት ጉልቻና በተሸፈነ ምድጃ እንጀራ ሲጋገር የሚፈጀው የባሕር ዛፍ እንጨት ንጽጽር» ብለነዋል።

አጽሕሮት፦ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 250 ቃል ነው። ምን ተጠየቀ? እንዴት ተለካ? ምን ተገኘ? ምን ማለት ነው? እነዚህን አራት ጥያቄዎች መመለስ አለበት። ብዙ ሰው የሚያነበው ይህን ብቻ ስለሆነ ዋናውን ውጤት በቁጥር ማስቀመጥ ይገባል። ከሥሩ ከአራት እስከ ስድስት ቁልፍ ቃላት ይጻፋሉ።

መግቢያ፦ ችግሩንና ሌሎች የሠሩትን ያስረዳል። ለምሳሌ «ምርጥ» የተባለው የሲሚንቶ ምድጃ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ሲሠራጭ ቆይቷል። ይህን ሳይጠቅሱ የተሸፈነ ምድጃን እንደ አዲስ ነገር ማቅረብ አላዋቂነት ነው።

ዘዴ፦ ሌላ ሰው ጽሑፉን ይዞ ሥራውን መድገም እንዲችል ሆኖ ይጻፋል። የምጣዱ ስፋት በሴንቲሜትር፣ የሊጡ መጠን፣ የእንጀራው ብዛት፣ የእንጨቱ ዓይነትና ድርቀት፣ ሚዛኑ እስከ ስንት እንደሚያነብ፣ ስንት ጊዜ እንደተደገመ፣ ሁሉም ይጠቀሳል።

ውጤት፦ የተገኘው ብቻ ይነገራል። ምክንያቱን መተንተን የሚመጣው በቀጣዩ፣ ማለትም በውይይት ክፍል ነው። በመደምደሚያ ላይ አዲስ ነገር አይጨመርም።

4ኛ. እኛን የሚያሰናክሉ ነገሮች

ይህን ክፍል ጠበቅ አድርጋችሁ እንድታነቡት እለምናለሁ። የውጭ አገር መመሪያ ስለማይነግረን ነው።

መለኪያ። ሸክም፣ ቁና፣ ጣሳ፣ ክንድ፣ ስንዝር ሁሉም ወደ ኪሎግራም፣ ሊትርና ሜትር መለወጥ አለባቸው። የአገሩን ስም መጥቀስ ነውር የለውም፤ ግን አጠገቡ ተመዝኖ የተገኘው ቁጥር ይቀመጥ።

ቀንና ሰዓት። እኛ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ስንል የውጭው አንባቢ እኩለ ሌሊት ያለፈበትን ሰዓት ይረዳል፤ ለእሱ 8 ሰዓት ተብሎ መጻፍ አለበት። ዘመናችንም ከእነሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። ስለዚህ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይገለጽ ቀን አይጻፍም።

ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ያለን። ብዙ ቅጾች ግን የኋለኛውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱታል። እንግዲህ አበበ ከበደ የሚባል ሰው ሲጠቀስ «ከበደ አ.» ይሆናል፤ ሥራው የአባቱ መሰለ ማለት ነው! እኅቱ አልማዝ ብትጽፍም «ከበደ አ.» ናት። በዚህ ላይ አንዱ ስም በላቲን ፊደል በየጊዜው ሲለያይ የአንድ ሰው ሥራ በሦስት ሰው ስም ይበተናል። መፍትሔው ከመጀመሪያው አንድ አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ «ኦርኪድ» የሚባል ባለ 16 አኀዝ የጸሐፊ መለያ ቁጥር በነጻ ይሰጣል።

ከፍታ። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትርን ያልፋል። እዚያ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስለ ምድጃ፣ ስለ ሞተር ወይም ስለ ማድረቂያ የሚጽፍ ሰው ከፍታውን ካልተናገረ ቁጥሩ ሌላ ቦታ ሄዶ ያሳስታል።

የአኀዝ ብዛት። ለምሳሌ ያህል ሦስት ልኬት 4.5፣ 4.0 እና 4.5 ኪሎግራም ቢሆን ድምሩ 13 ነው። ለሦስት ሲካፈል ስልካችን 4.3333333 ይለናል። እኛም እንዳለ ገልብጠን ነበር። ከእህል ነጋዴ የተዋስነው ሚዛን እኮ ግማሽ ኪሎን እንጂ ግራምን አያውቅም! 4.3 ብሎ መጻፍ ይበቃል። ከዚያ የሚያልፈው አኀዝ ያልለኩትን ለካሁ ማለት ነው።

5ኛ. ሠንጠረዥና ሥዕል

እያንዳንዱ ሠንጠረዥና ሥዕል ቁጥርና አርእስት ይኖረዋል፤ በጽሑፉም ውስጥ በቁጥሩ ይጠራል። «ከላይ ያለው ሥዕል» ማለት አይገባም፤ ሲታተም ቦታው ይለወጣልና። አብዛኛውን ጊዜ የሠንጠረዥ አርእስት ከላይ፣ የሥዕል አርእስት ከታች ይሆናል። በእያንዳንዱ ዓምድ ራስ ላይ መለኪያው ይጻፍ። ፎቶግራፍ ለኅትመት እንዲበቃ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያህል ጥራት ይጠየቃል። ቀመሮችም በተራ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ፊደላቱ ምን እንደሚወክሉ ወዲያው ይገለጻል።

6ኛ. ሐቀኝነት

ከልኬት ቀኖቻችን በአንዱ ዝናብ ጥሎ እንጨቱ ርሶ ነበር። በዚያ ቀን የተሸፈነው ምድጃ ከጉልቻው ብዙም አልተሻለም። ከመካከላችን አንዱ «ይህን ቀን እንተወው፤ ውጤታችንን ያበላሻል» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ተስማምቼ ነበር። የከለከሉን አክስቴ ናቸው። «ልጄ፣ ክረምት ሲሆን እኮ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ይህን ካልጻፋችሁ ለማን ነው የምትጽፉት?» አሉ። አሁን የርጥቡ ቀን በሠንጠረዡ ውስጥ ለብቻው ሰፍሯል፤ በውይይት ክፍላችንም ከሁሉ የበለጠ የምንናገርበት እሱ ሆኗል።

የሌላ ሰው ጽሑፍ ሳይጠቅሱ መገልበጥ ስርቆት ነው። አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔት መላክም ክልክል ነው። ምንም ያልሠራ ሰው ጸሐፊ ተብሎ አይመዘገብም፤ የሠራም ሰው አይሰረዝም። የረዱንን ሰዎች ደግሞ ፈቃዳቸውን ጠይቀን በምስጋና ክፍል እንጠቅሳለን።

7ኛ. አላላክ

ዛሬ ጽሑፍ የሚላከው በኢንተርኔት ነው። ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

1. ለአዘጋጁ አጭር ደብዳቤ ይጻፋል። የጽሑፉ ርእስ፣ አዲስ ነገሩ ምን እንደሆነና ሌላ ቦታ አለመላኩ ይገለጻል።
2. መርማሪዎቹ የጸሐፊውን ማንነት እንዳያውቁ የሚጠይቅ መጽሔት ከሆነ ስም ያለበት ገጽ ለብቻው ይደረጋል። ስም በምስጋናው ውስጥና በፋይሉ መጠሪያም ላይ መገኘት የለበትም።
3. ሁሉም ጸሐፊዎች የመጨረሻውን ቅጂ አንብበው ይስማማሉ።
4. ከተላከ በኋላ የሚሰጠውን የመለያ ቁጥር መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል።
5. መልሱ ወራት ሊፈጅ ይችላል። «ተቀብለናል»፣ «አሻሽሉ» ወይም «አልተቀበልንም» ሊባል ይችላል። አሻሽሉ ከተባለ የመርማሪውን አስተያየት አንድ በአንድ በቁጥር ጽፎ ከእያንዳንዱ ሥር መልሱን ማስቀመጥ ነው። ያልተስማማንበት ካለ በትሕትናና በማስረጃ እንከራከራለን፤ ዝም ብለን አናልፍም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ክፈልና በሦስት ቀን እናትምልሃለን» እያሉ ደብዳቤ የሚልኩ አታላዮች አሉ። ክፍያ መጠየቅ ብቻውን የማታለል ምልክት አይደለም፤ የታወቁ መጽሔቶችም ይጠይቃሉ። ምልክቱ ምርመራ አለመኖሩ ነው። አዘጋጆቹ እነማን ናቸው? የሚሠሩት የት ነው? ቀደም ሲል የወጡት ጽሑፎች ይነበባሉ ወይ? ብሎ ማጣራት፣ መምህርንም መጠየቅ ያዋጣል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ሥርዓቱ ብዙ ይመስላል። ሲጠቃለል ግን አንድ ነገር ነው፤ በአካል የማያገኘን አንባቢ ሥራችንን መድገምና መፈተን እንዲችል አድርጎ መጻፍ። ኅዳጉና ፊደሉም ቢሆን የአንባቢን ጊዜ ለማክበር ነው።

እኛ ሚዛን ተውሰን እንደ ገና ለካን። የአክስቴም ሸክም ተመዘነ፤ ቁጥሩን ሲሰሙ ራሳቸው ደንግጠው ዝም አሉ። ሁለተኛውን ጽሑፍ መምህራችን እስከ መጨረሻው አነበቡት። አሥራ አራት ቦታ ላይ በቀይ ምልክት አድርገዋል። ለመላክ ገና ነው፤ አሁን እያረምን ነው። አክስቴ በምስጋናው ክፍል ስማቸው እስከ አባታቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ከሚሠራባቸው መለኪያዎች ሦስቱን ጥቀሱ። ወደ ኪሎግራም ወይም ወደ ሜትር ለመለወጥ ምን ታደርጋላችሁ?
2. ውጤትና ውይይት ለምን ተለይተው ይጻፋሉ?
3. የማይመች ልኬትን ከሠንጠረዥ ማውጣት የሚፈቀድበት ጊዜ አለ ወይ? መቼ? ለአንባቢስ እንዴት ይገለጻል?
4. አክስቴ ጸሐፊ ተብለው ሊመዘገቡ ይገባ ነበር ትላላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።