ካምፓላ፦ የኮረብታና የሸለቆ ከተማ

በዚህ እትም የመልክዓ ምድር ትምህርታችን የዩጋንዳን ርዕሰ ከተማ ካምፓላን እንመለከታለን። ብዙዎቻችን ለጉዳይ እንመላለስባታለን፤ አንዳንዶቻችንም ጓዛችንን ጠቅልለን ልንገባባት እናስባለን። ስለዚህ አቀማመጧንና ሥራዋን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

አመሠራረቷ። ስሟ የመጣው ኢምፓላ ከሚባለው ሚዳቋ መሰል የዱር እንስሳ ነው። የቡጋንዳ ንጉሥ፣ ማለትም የካባካው፣ ቤተ መንግሥት በሜንጎ ኮረብታ ሳለ፣ እንግሊዛዊው ሻምበል ሉጋርድ እ.ኤ.አ. በ1890 አሮጌ ካምፓላ በሚባለው ኮረብታ ምሽግ ሠራ። ይህም አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1931 ከሞምባሳ ወደብ የሚመጣው የባቡር ሐዲድ ካምፓላ ሲደርስ ንግዷ ደረጀ። በቅኝ ግዛት ዘመን የአስተዳደሩ መቀመጫ ኢንቴቤ ነበረች፤ ካምፓላ ርዕሰ ከተማ የሆነችው በነጻነት ዓመት በ1962 ነው።

ኮረብታዎቿ። ከተማዋ በሰባት ኮረብታዎች ላይ እንደተመሠረተች ይነገራል፤ ዛሬ ግን ከዚያ አልፋ ሰፍታለች። በሩባጋ የካቶሊክ፣ በናሚሬምቤ የአንግሊካን ካቴድራሎች፣ በኪቡሊና በአሮጌ ካምፓላ ታላላቅ መስጊዶች ይገኛሉ። በማኬሬሬ በ1922 የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የታንዛኒያው ጁሊየስ ኔሬሬ ተምረውበታል። ናካሴሮ የመንግሥትና የባንክ ሠፈር ነው። ባጭሩ ሥልጣን፣ እምነትና ዕውቀት ከፍታውን ይዘዋል።

ሸለቆዎቿ። እንጀራ የሚገኘው ግን ከታች ነው። የኦዊኖ ገበያና የታክሲ መናኸሪያዎቹ በናኪቩቦ ዝቅተኛ ቦታ ይገኛሉ። በዝቅታው የቤት ኪራይ ይረክሳል፤ ምክንያቱም ቀድሞ ረግረግ ስለነበረ ውኃ ይተኛበታል። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ሲጥል እንደ ብዋይሴ ያሉ ሠፈሮች ይጥለቀለቃሉ። ቤት የሚከራይ ሰው ከዋጋው በፊት ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ ጎረቤት ይጠይቅ።

ለእኛ ምን ትሆነናለች? የ2006 የዩጋንዳ የስደተኞች ሕግ ስደተኛ እንዲሠራና እንዲዘዋወር ይፈቅዳል። በካባላጋላና በካንሳንጋ ወገኖቻችን ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተው ይኖራሉ። ይሁን እንጂ የምግብ ዕርዳታ በአብዛኛው የሚታደለው በመጠለያ ሠፈር ነው፤ ከተማ የገባ ሰው በራሱ ጥረት ያድራል ተብሎ ይታሰባል። እንግዲህ ሙያና የጥቂት ወራት ስንቅ ሳንይዝ መጠለያውን ለቅቀን አንሂድ።

የመልመጃ ጥያቄዎች
1. ካምፓላ ከነጻነት በፊት ርዕሰ ከተማ ያልነበረችው ለምንድን ነው?
2. ገበያው በሸለቆ፣ ካቴድራሉ በኮረብታ መሆኑ ስለ ከተማዋ ምን ያስረዳል?
3. በዝቅተኛ ቦታ ቤት ከመከራየታችን በፊት ምን እንጠይቃለን?