በሐዲድ በሚመራ ክብ መጋዝ ትክክለኛ አግድም ቆረጣ፦ የስሕተት ምንጭና የመፈተሻ ቅደም ተከተል ከደብረ ኤልያስ የጣውላ ዓይነቶች አንጻር

መግቢያ

ደብረ ኤልያስ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ የምትገኝ፣ በቅኔ ትምህርቷ ስሟ የሚነሣ ሥፍራ ናት። እንደ ሌላው የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ሁሉ በዚህም አካባቢ ለቤት መዋቅር የሚውለው እንጨት በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ለበር፣ ለሣጥንና ለጠረጴዛ ዋንዛ ይመረጣል። የሁለቱ ልዩነት በዋጋ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ዳግም አቆጥቁጦ በጥቂት ዓመታት ለቆረጣ ይደርሳል። ዋንዛ ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከኮሶ፣ ከዝግባና ከሀገር በቀል ጥድ ጋር ጥበቃ ካደረገላቸው ዛፎች አንዱ ነው። ስለዚህ በጠማማ ቆረጣ የተበላሸ የዋንዛ ጣውላ በቀላሉ አይተካም።

በሐዲድ የሚመራ ክብ መጋዝ በእንጨቱ ላይ በተኛ ቀጥተኛ የአሉሚኒየም ሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። ሐዲዱ ቀጥ ያለ መሥመር ይሰጣል፤ ሆኖም ቀጥ ያለ መሥመር ሁልጊዜ ቀጤ ማዕዘን ላይ የዋለ መሥመር አይደለም። ይህ ጽሑፍ በአግድም ቆረጣ የሚታየው ስሕተት ከየት እንደሚመጣ ይመረምራል፤ መሣሪያውን ከመነካካት በፊት የእንጨቱ መነሻ ጠርዝ ሊፈተሽ እንደሚገባም ያሳያል።

ሁለት ዓይነት ስሕተት

የቆረጣ ስሕተት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሥርዐታዊ ስሕተት ነው፤ በእያንዳንዱ ቆረጣ በተመሳሳይ መጠንና አቅጣጫ ይደገማል። ሁለተኛው የዘፈቀደ ስሕተት ነው፤ ከቆረጣ ቆረጣ ይለዋወጣል። የመጀመሪያው የሐዲዱ ወይም የዲስኩ አቀማመጥ መዛባቱን ያመለክታል። ሁለተኛው በመጋዙ መቀመጫና በሐዲዱ መካከል ክፍተት መኖሩን፣ ሞርሳው መላላቱን ወይም እንጨቱ በቆረጣ ጊዜ መንቀሳቀሱን ያመለክታል።

ሁለቱን ለመለየት በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ሦስት ቁርጥራጮችን ቆርጦ ማወዳደር በቂ ነው። ውጤቶቹ ከተቀራረቡ ማስተካከያው ይጠቅማል። ከተራራቁ ግን ማዕዘን ማስተካከል ትርጉም የለውም፤ አስቀድሞ የላላው ክፍል መጥበቅ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚባክነው የዘፈቀደውን ስሕተት እንደ ሥርዐታዊ በመቁጠር ሐዲዱን ደጋግሞ በማዛወር ነው።

የመነሻው ጠርዝ ጉዳይ

ሐዲዱ ቀጤ ማዕዘን የሚይዘው ከጣውላው ጠርዝ በመነሣት ነው። ጠርዙ የጎበጠ ከሆነ ማዕዘኑም አብሮ ይዛባል። ይህ በተለይ በባሕር ዛፍ ላይ ጎልቶ ይታያል። ዛፉ ሲያድግ በግንዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ውጥረት ግንዱ በቁመቱ ሲሰነጠቅ ይለቀቃል፤ ጣውላውም ወደ ጎን ይጎብጣል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ስለሚሸበሸብ የጠርዙ ቅርጽ ይበልጥ ይለወጣል።

መጠኑን በስሌት ማየት ይቻላል። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ጣውላ መካከሉ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ጎብጧል እንበል። ጉብጠቱ የክብ ቅስት ቅርጽ ካለው፣ ጫፉ ላይ ያለው ጠርዝ ሁለቱን ጫፎች ከሚያገናኘው ቀጥተኛ መሥመር በ0.008 ራዲያን፣ ማለትም በ0.46 ዲግሪ ገደማ ይለያል። ስኳድራ ከዚያ ጠርዝ ላይ ቢደገፍ ቆረጣው በ200 ሚሊ ሜትር ወርድ ላይ 1.6 ሚሊ ሜትር ያዘማል። በሌላኛው ጫፍ የሚፈጠረው ስሕተት አቅጣጫው ተቃራኒ ነው። በመሆኑም የጣውላው አንዱ ጎን ከሌላው በ3.2 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። መጋዙና ስኳድራው እንከን የለሽ ቢሆኑም ከዚህ ጣውላ የሚሠራ የበር ማዕቀፍ አይገጥምም።

መፍትሔው መጀመሪያ አንዱን ጠርዝ ማቃናት ነው። ሐዲዱ ራሱ ለዚህ ያገለግላል፦ በጣውላው ቁመት ይተኛና የጎበጠው ጠርዝ ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ አግድም ቆረጣው ከተቃናው ጠርዝ ይነሣል። የደረቀ እንጨት መምረጥና ተቃናቶ የቆየ ጠርዝን ከመቁረጥ በፊት በቀጥተኛ ብረት መልሶ መፈተሽም የዚሁ ሥራ አካል ነው።

ስሕተትን አጉልቶ ማየት

ጥቂት ስሕተት በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ማጉላት ያስፈልጋል። ቀላሉ ዘዴ ግልበጣ ነው። ሁለት ጠርዞቹ ትይዩ የሆኑ ሰሌዳ ይቆረጣል፤ ከሁለቱ ቁራጮች አንዱ ጀርባው ወደ ላይ እንዲሆን ተገልብጦ የተቆረጡት ጫፎች በቀጥተኛ ብረት ላይ ይገጣጠማሉ። በመካከላቸው የሚታየው ክፍተት የስሕተቱ እጥፍ ነው። ክፍተቱ በወርድ በኩል ከሰፋ ሐዲዱ ቀጤ ማዕዘን አልያዘም፤ በውፍረት በኩል ከሰፋ ዲስኩ ወደ ጎን አዘንብሏል።

ሐዲዱ ከመደገፊያ ጋር በቋሚነት በተገጠመበት ገበታ የሚሻለው የአምስት ቆረጣ ዘዴ ነው። የአንድ ሰሌዳ አራት ጎኖች በተራ ይቆረጣሉ፤ እያንዳንዱ አዲስ የተቆረጠ ጎን በመደገፊያው ላይ ተጠግቶ ለቀጣዩ ቆረጣ መነሻ ይሆናል። አምስተኛው ቆረጣ መጀመሪያ ከተቆረጠው ጎን ላይ ቀጭን ቁራጭ ያወጣል። በዚህ ቁራጭ ላይ የእያንዳንዱ ቆረጣ ስሕተት አራት ጊዜ ተደምሮ ይገኛል። ለምሳሌ ቁራጩ 500 ሚሊ ሜትር ቢረዝም፣ ወርዱም በአንዱ ጫፍ 20.6 በሌላው 19.8 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ልዩነቱ 0.8 ነው። ለአራት ሲካፈል በ500 ሚሊ ሜትር ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መደገፊያው ከሚዞርበት ነጥብ 900 ሚሊ ሜትር ርቆ የሚስተካከል ከሆነ በዚያ ቦታ 0.36 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት። የትኛው ጫፍ እንደሰፋ ማየት የማስተካከያውን አቅጣጫ ይነግራል። ይህ ሙከራ በተጣለ ቁርጥራጭ ሰሌዳ እንጂ በዋንዛ ላይ አይደረግም።

መሣሪያውና አያያዙ

ጠርዙ ከተቃናና ማዕዘኑ ከተያዘ በኋላ ዲስኩ ይታያል። ለአግድም ቆረጣ ጥርሱ የበዛ ዲስክ ይመረጣል፤ በ160 ሚሊ ሜትር ዲስክ 48 ጥርስ የተለመደ ነው። በቁመት ለመሰንጠቅ የተሠራ ጥቂት ጥርስ ያለው ዲስክ ግን የእንጨቱን ጭረት ይቦጭቃል። ዲስኩ ከሐዲዱ ጋር ትይዩ ካልሆነ የኋላ ጥርሶቹ የተቆረጠውን ፊት መልሰው ይፍቁታል፤ በእንጨቱ ላይ የሚቀር የቃጠሎ ምልክት አንዱ ጠቋሚ ነው።

በሐዲዱ ጠርዝ ላይ ያለው የጎማ ጥብጣብ ዲስኩ የሚያልፍበትን መሥመር የሚያሳየው በዚያው መጋዝና በዚያው ዲስክ ከተከረከመ ብቻ ነው። ውፍረቱ የተለየ ዲስክ ሲገጠም መሥመሩ ይለወጣል። የሚፈለገው ቁራጭ በሐዲዱ ሥር፣ የሚጣለው በውጭ በኩል መሆን አለበት፤ ይህ ካልሆነ የዲስኩ ውፍረት ከልኩ ላይ ይቀነሳል።

ከሁለቱም ወገን ያልተደገፈ እንጨት በቆረጣው መጨረሻ ተሰብሮ ይወድቃል ወይም ዲስኩን ቆንጥጦ መጋዙን ወደ ሠራተኛው ይወረውራል። ስለዚህ ከጣውላው ሥር ሙሉ መደገፊያ ሰሌዳ ይነጠፋል፤ የዲስኩም ጥልቀት ጥርሱ ከእንጨቱ በታች ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲወጣ ይደረጋል።

ሐዲድ ያለው መጋዝ በሌለበት የሥራ ቦታም መርሑ አይለወጥም። በስስ ሰሌዳ ላይ ቀጥተኛ መሪ ይለጠፍና ተራ ክብ መጋዝ መሪውን ተጠግቶ እንዲያልፍ ይደረጋል። የመጀመሪያው ቆረጣ የሰሌዳውን ትርፍ ራሱ ይከረክማል፤ የቀረው ጠርዝ ከዚያ ወዲያ የዚያ መጋዝ ትክክለኛ የቆረጣ መሥመር ይሆናል።

ማጠቃለያ

ትክክለኛ ቆረጣ የተያያዙ መነሻዎች ውጤት ነው፦ ጠርዙ ለማዕዘኑ፣ ማዕዘኑ ለሐዲዱ፣ ሐዲዱ ለዲስኩ መነሻ ይሆናል። ስሕተት በየትኛውም ደረጃ ቢገባ መጨረሻ የሚታየው በመጋዙ ጫፍ ነው፤ ስለዚህም መጋዙ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ፍተሻው ከእንጨቱ ጠርዝ ጀምሮ በዚሁ ቅደም ተከተል ቢካሄድ፣ ሙከራውም በባሕር ዛፍ ቁርጥራጭ ላይ ቢያልቅ፣ ዋንዛው ወደ መጋዙ የሚቀርበው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል።