በቤተ ልሔም የሚፈጸም አገልግሎት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ለማስቀደስ ስንመጣ ዐይናችን በመቅደሱ ላይ ያርፋል፥ ጆሯችንም ዜማውን ያደምጣል። ነገር ግን የቅዳሴው ዝግጅት የሚጀመረው እኛ በማናየው ስፍራ፥ በቤተ ልሔም ነው። በሥርዓታችን ቤተ ልሔም ከቤተ መቅደሱ በስተምሥራቅ የምትሠራ ትንሽ ቤት ናት፤ የስሟም ትርጓሜ «የእንጀራ ቤት» ማለት ነው። በዚያ አገልጋዩ ንጹሑን የስንዴ ዱቄት ያቦካል፥ ኅብስቱን ይጋግራል፥ ዘቢቡንም ዘፍዝፎ ወይኑን ያዘጋጃል። መሥዋዕቱ በቃጭል ታጅቦ ወደ መቅደስ ሲገባ እንሰግዳለን፤ አስቀድሞ የደከመውን ግን ብዙ ጊዜ አናስተውልም።

ጌታችን መንግሥተ ሰማያትን በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ በተሸሸገ እርሾ መስሎ አስተምሯል (ማቴ. 13፥33)። እርሾው አይታይም፤ ሊጡን ሁሉ የሚያነሣው ግን እርሱ ነው።

በስደት ያለች ቤተ ክርስቲያናችንም በተሸሸጉ እጆች ቆማለች። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካንን፥ ሁለት ካህናትንና ሦስት ዲያቆናትን ይሻል። ልጆቻችን ይህን አገልግሎት ካልተማሩ፥ ነገ ሕንፃው ተከፍቶ መሥዋዕቱ ሊታጣ ይችላል። ስለዚህ ልጆቻችንን ለዲቁና ትምህርት እንስጥ፤ በስውር የሚያገለግሉትንም በጸሎታችን እናስባቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።