ሕሊና፣ ሕግና የብዙኃን አስተያየት

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው የማመዛዘን ድርሰት አጻጻፍን ነው። የማመዛዘን ድርሰት የሚባለው ጸሐፊው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሐሳቦችን አቅርቦ፣ የአንዱን ክብደት ከሌላው ጋር እያስተያየ፣ የራሱን ፍርድ የሚሰጥበት ጽሑፍ ነው። እንዲህ ያለውን ድርሰት ለመጻፍ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዘን ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

አብደራፊ በምዕራብ አርማጭሆ፣ ከሱዳን ወሰን አጠገብ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ጥቁር አፈር ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ያበቅላል። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከጎንደር ደጋዎች፣ ከጎጃምና ከሌላም ቦታ እጅግ ብዙ የጉልበት ሠራተኞች ወደዚያ ይወርዳሉ። ሰሊጥ ፋታ የማይሰጥ አዝመራ ነው፤ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ከዘገየ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ማለት ለባለ እርሻውም ለሠራተኛውም ብዙ ገንዘብ ነው።

አሁን እንዲህ እናስብ፤ ነገሩ ለትምህርት የታሰበ እንጂ በታወቀ ሰው ላይ የደረሰ አይደለም። ዐሥራ ሁለት ሠራተኞች አንድ የሰሊጥ እርሻ በኮንትራት ይዘው ያጭዳሉ። ከእነርሱ አንዱ፣ የበለሳ ልጅ፣ ከሦስት ሳምንት ጀምሮ ትኩሳት አልለቀቀውም። ሰውነቱ ከስቷል፤ ሆዱ ግን በግራ በኩል አብጧል። ይህ ምልክት በዚያ አገር የታወቀ ነው። ካላዛር የሚባለው በሽታ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ወይም በግራር ዛፍ ሥር የሚያድሩትን ሠራተኞች በብርቱ ያጠቃል፤ ካልታከመም አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ሕክምናው በአብደራፊ ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በሽተኛውን ወደ ከተማ ሊያደርስ የሚችለው ውኃና ስንቅ የሚያመላልሰው ትራክተር ብቻ ነው። ትራክተሩ ከሄደ የዚያን ቀን ሥራ ይቆማል።

ካቦው ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ «ወንድሞቼ፣ ዛሬ ይሂድ ወይስ ቅዳሜ ገበያ ስንወርድ አብሮን ይውረድ?» ሲል ጠየቀ። ዐሥሩ ለቅዳሜ እጃቸውን አወጡ። በሽተኛው ዝም አለ። ሸምገል ያለው ሠራተኛ ግን፣ «ልጄ፣ እስከ ቅዳሜ እንዲቆይ ማን ዋስ ሆኖት ነው?» አለ። ካቦውም፣ «አያ፣ በውላችን ላይ ስለ በሽተኛ የተጻፈ ነገር የለም፤ ደግሞም የብዙው ድምፅ ነው» ሲል መለሰለት።

በዚህ መልስ ውስጥ ሁለት መከላከያዎች አሉ። አንደኛው «አልተጻፈም» ይላል፤ ሁለተኛው «ዐሥር ለአንድ» ይላል። ሁለቱንም በየተራ መርምሩ። ውሉ ዝም ቢልም የአገሩ ሕግ ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ ሕይወቱ፣ አካሉ ወይም ጤናው በከባድና በቅርብ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ በራሱም ሆነ በሌላው ላይ አደጋ ሳያስከትል ሊረዳው እየቻለ ሆን ብሎ ያልረዳ ሰው እንደሚቀጣ ይደነግጋል። የበለሳው ልጅ ሕመም እዚህ ደረጃ ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚለውን ዳኛ ይመዝነዋል፤ ሕግ ስለዚህ ነገር አልተናገረም ብሎ መመለስ ግን አይቻልም። ስለ ቁጥሩም ቢሆን ሚዛኑ የተዛባ ነው። ዐሥሩ ሰዎች የሚያጡት የአንድ ቀን ሒሳብ ነው፤ በሽተኛው ሊያጣ የሚችለው ሕይወቱን ነው። እጅ ሲቆጠር ግን የሁሉም እጅ እኩል አንድ ነው። ይህም ሲባል ድምፅ መስጠት ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ሥራ በስንት ሰዓት ይጀመር፣ ለስንቅ ስንት ብር ይዋጣ ለሚለው ጥያቄ ከብዙኃን ድምፅ የተሻለ መንገድ አይገኝም። የአንድ ሰው ሕይወት ግን ከመዋጮ ጋር በአንድ ዓይነት አቈጣጠር የሚቈጠር ነገር አይደለም።

ዐሥሩ ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ማለት ነውን? አይመስለንም። ምናልባት ከመካከላቸው አራቱ ወይም አምስቱ በልባቸው ከሽማግሌው ጋር ነበሩ፤ የመጀመሪያው እጅ ሲወጣ የእነርሱም እጅ ተከትሎ ወጣ። ለዚህ ዓይነቱ ነገር ቋንቋችን አንድ ልዩ ቃል አለው፤ ይኸውም «ይሉኝታ» ነው። ቃሉ የተመዘዘው «ምን ይሉኛል?» ከሚለው አነጋገር ነው። የዚህ አነጋገር ባለቤት «እነርሱ» ናቸው፤ ተናጋሪው ራሱ በተሳቢነት እንጂ በባለቤትነት አልገባም። «ሕሊና» ግን «ሐለየ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ፍችውም አሰበ፣ አሰላሰለ ማለት ነው። እንግዲህ በቃሉ ሥር መሠረት ሕሊና ድንገት የሚመጣ ስሜት ሳይሆን የማሰብ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያደበላልቃል። የዘመዱ ደም ያልተመለሰለት ሰው «ሕሊናዬ እንቅልፍ ነሣኝ» ብሎ ጠመንጃውን ሲያነሣ፣ እንቅልፍ የነሣው በእውነት ሕሊናው ነው ወይስ «ወንድ አይደለም» የሚለው የመንደሩ ሐሜት? በጎንደር ቆላም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ደም መመለስ ስንት ቤት እንደ ዘጋ ሽማግሌዎች ይነግሯችኋል። በዚህ ጊዜ ግለሰቡም መንደርተኛውም በአንድ ወገን ተሰልፈው፣ ትክክለኛው ሐሳብ የሚገኘው ሁለቱንም በሚከለክለው ሕግና በዕርቅ ሽማግሌው ዘንድ ነው። ስለዚህ ሕሊና ምንጊዜም ከሕግ ይበልጣል ብሎ መደምደም ችኮላ ይሆናል።

ሕግም ቢሆን ራሱ የሚመረመርበት ጊዜ አለ። ለዚህ ከአብደራፊ በስተ ደቡብ ከምትገኘው ከመተማ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መተማ በጎንደርና በሱዳን መካከል የሚመላለሰው የሲራራ ንግድ መገናኛ ነበረች። ወደ ገበያዋ ቡና፣ ሰምና ጥጥ ይገባ ነበር። በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ ኢትዮጵያ የተፈነገሉ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ገና ልጆች የሆኑ፣ የብዙ ሳምንት መንገድ በእግራቸው ተነድተው እዚያ ይደርሱና ወደ ሱዳን ይሻገሩ ነበር። («ባሪያ» የሚለውን ቃል ዛሬ ለሰው መጥሪያ ማድረግ ነውር ነው፤ በዚህ ትምህርት ውስጥ የሚገባው የታሪኩ ስም ስለሆነ ብቻ ነው።)

በዚያ ዘመን አንድ ነጋዴ «ይህ ሥራህ ተገቢ ነውን?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይመልስ ነበር? ሕግን ይጠቅስ ነበር። ፍትሐ ነገሥት ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፣ በጦርነት የተማረከ ሰው ባሪያ ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። መጽሐፉ እውነቱን በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ካስቀመጠ በኋላ በሁለተኛው አልፎት ሄደ። አንባቢዎቹም ለብዙ መቶ ዓመታት ሁለተኛውን ይዘው ኖሩ፤ የጠቀማቸው እርሱ ነበርና። ነጋዴው የብዙኃንንም አስተያየት ይጠቅስ ነበር፤ መኳንንቱ ባሪያ አላቸው፣ ሀብታሙ ገበሬ አለው፣ ቀራጩም በገበያው በር ቆሞ ቀረጥ ይቀበላል። የገዛው ጌታ ደግሞ «እኔ አበላዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ፤ ከቤተሰቤ ለይቼ አላየውም» እያለ በሰላም ይተኛ ነበር። ሕሊናው ዝም ያለው የማሰቡን ሥራ ስላልሠራ ነው።

ብዙኃን ተባሉ እንጂ፣ ማን ተቈጠረ? በገበያው መካከል የታሰሩት ሰዎች አስተያየታቸውን የጠየቃቸው አልነበረም። ከሁሉ አብልጦ ነገሩ የሚነካው ሰው ከቈጠራው ውጭ ከሆነ፣ የተቀሩት ሁሉ በአንድ ድምፅ ቢስማሙ እንኳ ስምምነታቸው ስለ ጥቅማቸው እንጂ ስለ ፍትሕ የሚያስረዳው ነገር ጥቂት ነው። በአብደራፊው እርሻ ዝም ያለውን በሽተኛ እዚህ ላይ አስታውሱት።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ከሕዝቡ አስተያየት ቀድሞ መራመድ ጀመረ። በመተማ አጠገብ የሚገኘው የቋራ ቆላ ያሳደጋቸው ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያን ንግድ ከልክለው ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንግዱን ለማስቀረት በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈራረሙ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚያችው በመተማ ነው። ዐዋጁ ወጣ እንጂ ንግዱ አልቆመም፤ ዐዋጁን እንዲያስፈጽም የታዘዘው ሹም ራሱ ባለ ባሪያ ነበርና። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን መሪነት ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ዐዋጅ ወጣ። «ቀስ በቀስ» የሚለው ቃል በጌቶች ጆሮ ትዕግሥት ይመስል ነበር፤ ዕድሜው እያለቀ በሰው ቤት ለሚያገለግለው ሰው ግን ሌላ ትርጉም ነበረው። ፋሺስት ኢጣልያም ይህንኑ ጉድለታችንን ለወረራው ሰበብ አደረገው፤ እውነተኛ ነውር በሐሰተኛ ወዳጅ አፍ ሲነገር የሚያስከትለውን ጣጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከድል በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ባርነትን በሕግ ፊት ፈጽሞ አጠፋው። የልማዱ ርዝራዥ ግን ከዚያ በኋላም በጋብቻና በስም አጠራር ላይ ለረጅም ጊዜ ቆየ።

ዛሬም የመተማ መንገድ ከሰው ንግድ ፈጽሞ አልጸዳም። በደላላ ተታለው በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ የሚወሰዱ ወጣቶች በዚያ ያልፋሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1178 በሰው መነገድንም ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርንም ይከለክላል። ሆኖም በአንዳንድ መንደር ደላላው እንደ ባለውለታ ይቈጠራል፤ «ልጄን ያሻገረልኝ» እየተባለ ይመረቃል። በመንገድ የቀሩት ግን ተመልሰው አስተያየት አይሰጡም።

የቋንቋ ማስታወሻ

በዚህ ምንባብ ውስጥ «ሰው ይሸጥ ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር አንብባችኋል። ግሡ ተደራጊ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ ማን እንደሆነ አይናገርም። «ነጋዴው ልጁን ሸጠ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ግን ግሡ አድራጊ ስለሆነ ባለቤቱ ተገልጧል። ተደራጊ ግሥ ስሕተት አይደለም፤ አድራጊው በማይታወቅበት ወይም በማያስፈልግበት ቦታ ይጠቅማል። ነገር ግን በማመዛዘን ድርሰት ውስጥ «ይባላል»፣ «ተወሰነ»፣ «ይታመናል»፣ «እንደ ነውር አይቈጠርም» የሚሉትን ግሦች ስታገኙ፣ «ማን አለ? ማን ወሰነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ኀላፊነት የሚጠፋው በዚህ በር ነው።

«ይችላል»፣ «አለበት» እና «ይገባዋል» የሚሉትም ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም። «ካቦው እስከ ቅዳሜ ማቆየት ይችላል» ማለት ኀይሉ ወይም ፈቃዱ አለው ማለት ነው። «ማድረስ አለበት» ግዴታን ያመለክታል። «ሊያደርሰው ይገባዋል» ግን አስገዳጅ በሌለበት እንኳ የሚቆመውን ተገቢነት ያሳያል። «ይቻላል» ብሎ ጀምሮ፣ በመካከሉ ምንም ማስረጃ ሳይጨምር «ስለዚህ ይገባል» ብሎ የሚጨርስ ድርሰት በተማሪዎች ደብተር ላይ በብዛት ይታያል።

መልመጃ 1

ሀ. ካቦው ያቀረባቸው ሁለት ምክንያቶች ምን ምን ናቸው? የትኛው ይበልጥ ያሳምናል? ለምን?

ለ. ሽማግሌው ያቀረበው ሐሳብ በጥያቄ መልክ ነው። ያንኑ ሐሳብ በሐተታ ዐረፍተ ነገር ጻፉት፤ ከዚያም ከሁለቱ የትኛው እንደሚበረታ አስረዱ።

ሐ. በደም መመለስ ምሳሌና በመተማ ገበያ ምሳሌ መካከል ሕግ ያለው ቦታ በምን ይለያል?

መ. «ይሉኝታ» ጠቃሚ የሚሆንበት ጊዜ አለ የሚል ሰው ቢነሣ ምን ምሳሌ ሊያቀርብ ይችላል? ምሳሌውን አቅርባችሁ መልስ ስጡበት።

መልመጃ 2

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ወደ አድራጊ ግሥ ለውጡ። ባለቤቱ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ካልተገለጸ ከምንባቡ ፈልጋችሁ አስገቡ፤ ከምንባቡም ካልተገኘ «ባለቤቱ አይታወቅም» ብላችሁ ጻፉ።

ሀ. በሽተኛው እስከ ቅዳሜ እንዲቆይ ተወሰነ።

ለ. በገበያው በር ቀረጥ ይከፈል ነበር።

ሐ. በዐድዋ የባሪያን ንግድ የሚያስቀር ውል ተፈረመ።

መ. ደላላው እንደ ባለውለታ ይቈጠራል።

መልመጃ 3

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። በአንዲት የወሰን መንደር አንድ የውኃ ጉድጓድ ብቻ አለ እንበል። የመንደሩ ነዋሪዎች ተሰብስበው፣ ስደተኞቹ ከጉድጓዱ እንዳይቀዱ በአብላጫ ድምፅ ወስነዋል። የጉድጓዱ ቁልፍ በእናንተ እጅ ነው፤ ከተሰበሰቡት ሰዎች መካከልም አባታችሁ አሉ። ማታ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ ባዶ ጀሪካን ይዛ መጣች። ምን እንደምታደርጉና ጧት ለአባታችሁ ምን ብላችሁ እንደምትነግሯቸው በ250 ቃላት ያህል ጻፉ። የመንደሩ ሰዎች ያላቸውን ምክንያት አሳንሳችሁ አታቅርቡ፤ ውኃው በእውነት ትንሽ ነው።