ምዕራፍ 7፦ የጓዳ ምትሃት

አንድ ብርጭቆ እስከ አፉ ውሃ ይሙሉ። በላዩ ላይ የደብተር ሽፋን ወይም ሌላ ጠንከር ያለ ወረቀት ያስቀምጡ። በመዳፍዎ ደግፈው ቀስ ብለው ይገልብጡትና እጅዎን ያንሱ። ውሃው አይፈስም። ልጆቹ መጀመሪያ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ «እንዴት?» ብለው ይጠይቃሉ። ያቺን ጥያቄ እንዳያባክኗት።

ብዙ አዋቂዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ወይ ምስጢሩን ይደብቃሉ፣ ወይ ልጁ ገና ሳያስብ መልሱን ያዘንቡበታል። ልጁ መጀመሪያ ይገምት። «ወረቀቱ ላይ ሙጫ አለ» ካለ ወረቀቱን ይመርምር። «ብርጭቆው ጎዶሎ ቢሆንስ?» ካለ ይሞክረው። ከዚያ ምስጢሩን ሙሉ በሙሉ ይረከብና ትርኢቱን ራሱ ለአያቱ ወይም ለጎረቤት ልጆች ያሳይ። ለሌላ ሰው አሳይቶ ማስረዳት የቻለ ልጅ ነገሩን በእርግጥ አውቆታል።

የብርጭቆው ምስጢር በዙሪያችን ያለው አየር ነው። አየር በየአቅጣጫው ይገፋል፤ ወረቀቱንም ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ያህል ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ግፊቱም ወደ ሦስት ሩብ ይወርዳል። ቢሆንም 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ውሃ በዚያው ስፋት ላይ የሚያሳርፈው ክብደት 10 ግራም ብቻ ነው፤ አየሩ ያለ ችግር ይሸከመዋል። በወረቀቱና በብርጭቆው አፍ መካከል ያለው ስስ ውሃም አየር እንዳይገባ ያሽጋል። ወረቀቱ ከተጨማደደ ወይም የብርጭቆው አፍ ከተሸረፈ ግን ይፈስሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሳፋ ላይ ይለማመዱ።

የሳንቲሙ ምትሃት ከሁሉም ይቀላል፤ ጥቅሙ ግን ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ጎድጓዳ ሳህን መሃል ላይ አንድ ሳንቲም በትንሽ ሊጥ ያጣብቁ፤ ካልተጣበቀ ውሃው ከቦታው ያንሸራትተዋል። ልጁ ሳንቲሙን እያየ ወደ ኋላ ያፈግፍግ፤ በሳህኑ ጠርዝ ሲከለልበት እዚያው ይቁም። እሱ ሳይነቃነቅ እርስዎ ውሃ ቀስ አድርገው ይጨምሩ። ሳንቲሙ ብቅ ይላል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ የሳህኑ ወለል ከፍ ብሎ ይታያል። ልጁ ይህን ሲረዳ ስለ ወንዝ ይንገሩት። ጥርት ያለ ውሃ ከላይ ሲያዩት ከእውነተኛ ጥልቀቱ ሩብ ያህል ያነሰ ይመስላል፤ 2 ሜትር የሆነው 1 ሜትር ተኩል መስሎ ይታያል። ዋና ለማይችል ልጅ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ብዙ ተመልካች በተሰበሰበበት ቀን ደግሞ ሦስት የወረቀት ቀለበቶች ያዘጋጁ። አሮጌ ጋዜጣ በ5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቆርጠው፣ ጫፍ ለጫፍ እያጣበቁ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝሙ ሦስት ጥብጣቦች ያድርጉ። ኮላ መግዛት አያስፈልግም፤ የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጦ እሳት ላይ እስኪወፍር ማማሰል ይበቃል። የመጀመሪያውን ጥብጣብ ጫፎች ሳይጠመዝዙ ያገናኙ። የሁለተኛውን አንድ ጫፍ ግማሽ ዙር ገልብጠው ያጣብቁ። ሦስተኛውን ሙሉ ዙር ጠምዝዘው ያጣብቁ። ቀለበቶቹ ረጃጅም ስለሆኑ ከሩቅ ልዩነታቸው አይታወቅም። አሁን መቀሱን ለልጁ ይስጡ፤ እያንዳንዱን ቀለበት መሃል ለመሃል ዙሪያውን ይቁረጥ። ከመጀመሪያው፣ ሁሉም እንደጠበቀው፣ ሁለት የተለያዩ ቀለበቶች ይወጣሉ። ከሁለተኛው እጥፍ የሚረዝም አንድ ቀለበት ብቻ ይወጣል። ከሦስተኛው ደግሞ እርስ በርስ የተቆላለፉ ሁለት!

ሁለተኛው ቀለበት የሞቢየስ ጥብጣብ ይባላል። አውጉስት ሞቢየስና ዮሃን ሊስቲንግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን በ1858 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው ደርሰውበታል። ሌላ እንዲህ ያለ ቀለበት ይሥሩና ልጁ እርሳሱን ሳያነሳ መሃሉን እያሰመረ ይዙር። ወደ ተነሳበት ሲመለስ በወረቀቱ ሁለቱም በኩል መስመር ያገኛል፤ ቀለበቱ ያለው አንድ ገጽ ብቻ ነውና። ከዚያ ከመሃሉ ሳይሆን ከጠርዙ የስፋቱን አንድ ሦስተኛ ገባ ብላችሁ ቁረጡት። የሚሆነውን እዚህ አልጽፍም፤ ከልጅዎ ጋር ገምታችሁ አብራችሁ እዩት።

ሌሎችም አሉ። ውሃ ላይ የተበተነ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ሳሙና የነካ ጣት ሲቀርበው ወደ ጠርዝ ይሸሻል፤ ሳሙናው የውሃውን የላይ ገጽ ውጥረት ያላላዋልና። በሎሚ ጭማቂ የተጻፈ ደብዳቤ ሲደርቅ አይታይም፤ ትኩስ ካውያ ሲያልፍበት ቡናማ ሆኖ ይወጣል። አቼቶ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን የቆየ ጥሬ እንቁላል ቅርፊቱ ሟሙቶ በስስ ሽፋኑ ብቻ ይቀራል። ካውያውን ግን አዋቂ ይያዝ።

ወደ እጅ ሥራ ስንመጣ፣ በየሰፈራችን ከሽቦና ከቆርኪ መኪና፣ ከካልሲና ከጨርቅ ኳስ እየሠሩ ያደጉ ልጆች ብዙ ናቸው። ይህ ችሎታ በተገዛ የፕላስቲክ መጫወቻ ሲተካ ማየት ያሳዝነኛል። አራት ቆርኪ፣ ሁለት ቀጥ ያሉ ሽቦዎችና አንድ ባዶ የክብሪት ቀፎ ለመጀመሪያ መኪና ይበቃሉ። ችግሩ ቀዳዳው ላይ ነው፤ ከቆርኪው መሃል ትንሽ ከሳተ መኪናዋ እየነጠረች ትሄዳለች። መሃሉን ለማግኘት ቆርኪውን ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን ማስመር፣ ክቡን ቆርጦ ሁለት ጊዜ ማጠፍ ነው፤ እጥፋቶቹ የሚገናኙበት ነጥብ መሃሉ ነው። ልጁ በዚያች ቅጽበት ጂኦሜትሪ እየተማረ ነው። ምስማሩን እርስዎ ይምቱ።

በተራ ዕቃ ማስተማር የትልልቅ ሊቃውንትም መንገድ ነበር። የአንጥረኛ ልጅ የነበረውና በወጣትነቱ መጽሐፍ መጠረዝ የተማረው ማይክል ፋራዳይ፣ በለንደኑ ሮያል ኢንስቲቲዩሽን በ1860 ማብቂያና በ1861 እ.ኤ.አ. መግቢያ ለወጣቶች ስድስት ትምህርቶችን ስለ አንዲት ሻማ ብቻ ሰጥቷል። ካሳያቸው አንዱን ዛሬ እርስዎ በቤትዎ ማሳየት ይችላሉ። ሻማውን ቀስ ብለው ያጥፉና የሚነድ ክብሪት ወደ ጭሱ ያስጠጉ፤ እሳቱ ክሩን ሳይነካ በጭሱ ላይ ወርዶ ሻማውን መልሶ ይለኩሰዋል። የሚነደው ከሻማው የሚወጣው እንፋሎት ነው።

«ልጄን ማታለል ላስተምረው ነው?» የሚል ወላጅ ይኖራል። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። በየመንገዱ በሦስት ካርታ የሚያጫውቱ፣ «ወረቀት በኬሚካል አጥበን ዶላር እናደርጋለን» የሚሉ ሰዎች የሚያጠምዱት ሲገረም መጠየቅ ያልለመደውን ሰው ነው። ምስጢር ተቀብሎ ያደገ ልጅ ግን «እጁ ምን እየሠራ ነው? ዓይኔን ወዴት ወሰደው?» ብሎ ይጠይቃል።

ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ በሳንቲሙ ይጀምሩ። ታናናሾች በቤት ካሉ፣ ትርኢቱ እንዳለቀ ሳንቲሙንና ቆርኪውን ቆጥረው ያንሱ፤ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል።