ሥር ስለ ሰደደ የወገብ ሕመምና ስለ ዕለት ሥራ

ጥያቄ፦ የተከበሩ ሐኪም፥ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ልጆች የማሳድግ የ46 ዓመት ሴት ነኝ። ወገቤን ማመም ከጀመረኝ 4 ዓመት ሆኖታል። በኤም አር አይ ተመርምሬ፥ ዲስኩ ከማርጀቱ በቀር ነርቭ አልተነካም ተብያለሁ። ጋብ ባለልኝ ቀን የተጠራቀመውን ሥራ ሁሉ ስሠራ እውላለሁ፤ በማግሥቱ ከአልጋ መነሣት ያቅተኛል። የወገብ ቀበቶ አስራለሁ፥ ዲክሎፌናክም ከመድኃኒት ቤት እየገዛሁ እውጣለሁ። አሁን ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፥ ስግደቱንም መተው ይከብደኛል። ጎረቤቶቼ ደግሞ ወጌሻ ይይሽ ይሉኛል። ሥራዬን ልተወው ወይስ እንዴት ሆኜ ልኑር?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፥ ሥራዎን እንዲተዉ አልመክርዎትም፤ አሠራርዎን መለወጥ ግን ግድ ነው።

ከ3 ወር በላይ የጸና ሕመም በጥበበ ሕክምና ሥር የሰደደ ይባላል። ጠባዩም ይህ ነው፦ ሰውነትን ከጉዳት ይጠብቅ ዘንድ ከፈጣሪ የተሰጠው የሕመም ስሜት፥ የቆሰለው ከሻረ በኋላ እንኳ በነርቭና በአንጎል ውስጥ ነቅቶ ይቀርና፥ ሌባው ከተያዘ በኋላ ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቍጥር እንደሚጮህ ዘበኛ፥ ሰውየው ጎንበስ ባለ ጊዜም ቀና ባለ ጊዜም ይጮሃል። ጩኸቱ እውነተኛ ነው፤ «በሐሳብሽ ነው እንጂ አላመመሽም» የሚልዎትን ሰው አይቀበሉት። በምርመራው ስለ ታየው የዲስክ ማርጀት ደግሞ አይሸበሩ፤ ወገባቸውን አንዳች የማያማቸው ሰዎች በተመረመሩ ጊዜ፥ ከ20 ዓመት ወጣቶች እንኳ ከ3ቱ ከ1ዱ በሚበልጡት፥ ከ80 ዓመት አረጋውያንማ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ብዛት ይኸው ምልክት ተገኝቷልና።

ይልቁንም እጅግ የሚጎዳዎ፥ በደብዳቤዎ እንደ ዋዛ ያለፉት ልማድ ነው፤ ይኸውም በደኅናው ቀን ኃይልን ሁሉ አሟጦ መሥራት፥ በክፉው ቀን ደግሞ ፈጽሞ መተኛት ነው። በዚህ መፈራረቅ ጡንቻ እየከሳ፥ ነርቭም ይበልጥ እየተቈጣ፥ የሥራው ቀን እያጠረ የመኝታው ቀን እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ የሥራዎ ማቆሚያ ሰዓት ይሁን እንጂ ሕመም አይሁን፤ ሕመሙ ሳይበረታ 40 ደቂቃ መጋገር የሚችሉ ከሆነ፥ ደኅና በሆኑበትም ቀን በ30ኛው ደቂቃ ተነሥተው ጥቂት ይራመዱ፥ ከዚያም ይመለሱ፤ በክፉውም ቀን ቢያንስ አጭሩን ድርሻ ይሥሩ፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲጸናልዎ ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩ። በቀድሞ ዘመን ለወገብ ሕመምተኛ ሳምንታት ሙሉ መተኛት ይታዘዝ ነበር፤ ዛሬ ግን ከአንድና ከሁለት ቀን የሚያልፍ መኝታ እንደሚጎዳ ተረጋግጧል።

ምጣድዎን ጎንበስ በማያሰኝ ከፍታ፥ ቆመው ሲጋግሩ ከክርንዎ ጥቂት ዝቅ እንዲል አድርገው ያስቀምጡት፤ የሊጡም ባልዲ ከመሬት ተነሥቶ በዱካ ላይ ይሁን። በ20 ሊትር ጀሪካን የሚቀዳ ውኃ 20 ኪሎ ይመዝናልና፥ በሁለት ከፍለው ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው ይያዙት። ሌሊት በጎንዎ ሲተኙ በጉልበቶችዎ መካከል ትራስ ቢያደርጉ ብዙዎችን ያሳርፋል። በየዕለቱ በእግር መሄድም ከማናቸውም ቅባት ይበልጣል።

ስለ ቀበቶው፥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ቀበቶን አይመክርም፤ ትምህርትንና የአካል እንቅስቃሴን ግን ይመክራል። ዲክሎፌናክን በሚመለከት ነገሩ ከበድ ይላል። ለጥቂት ቀን ሕመምን ያስታግሣል፤ ነገር ግን ሐኪም ሳያውቀው ለወራት ሲወሰድ ጨጓራን ያቆስላል፥ ኩላሊትን ይጎዳል፥ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ከምግብ በኋላ መውሰድ የሆድን መቃጠል ቢያቀልም ከቁስለት ፈጽሞ አያድንምና፥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ እየዋሉ መዋጡን ዛሬውኑ ይተዉ፤ ግፊትዎና ኩላሊትዎ ይመርመሩ፥ ከዚህም ጋር አይቡፕሮፌን አይደርቡ። ስለ ጾሙና ስለ ስግደቱ የነፍስ አባትዎን ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ለሕሙማን እንደ ዓቅማቸው ታቀልላለችና። እኔ በበኩሌ ስግደት ፈጽሞ ይቅር አልልም፤ መነሣትና መውደቁ ራሱ እንቅስቃሴ ነው። ቍጥሩን ግን ያሳንሱ፥ ጉልበትዎን አስቀድመው ዝቅ ይበሉ፥ በቅዳሴም ጊዜ መቋሚያ ተደግፈው ይቁሙ፤ ሲደክምዎም ይቀመጡ።

ወጌሻውስ? በለስላሳ እጅ ማሸት ላይጎዳ ይችላል፤ አከርካሪን በኃይል መጠምዘዝና መጫን ግን አይፈቀድም። በተለይም ትኩሳት፥ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ከሕመሙ ጋር ከታዩ፥ በአገራችን ዛሬም ያለው የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል፥ ከማንም እጅ በፊት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። እግርዎ ቢዝል፥ በጭንዎ መካከል ቢደነዝዝ፥ ሽንትዎ ወይም ዓይነ ምድርዎ ቢያመልጥዎ ወይም ሽንት እምቢ ቢልዎ ግን፥ ሌሊትም ቢሆን ነገ አይበሉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይድረሱ።